ባሕር ውስጥ ባቄላ የለም፤ ታዲያ ናይትሮጅኑ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ «ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባቄላ ሥር ላይ ያሉት ኖዱሎች (ባክቴሪያ የሚኖርባቸው ትንንሽ እብጠቶች) ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ለተክሉ እንደሚሰጡ አስረድቼ ስጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ‹ባሕር ውስጥ ባቄላ የለም፤ የባሕሩ አልጌ ናይትሮጅን ከየት ያገኛል? ዓሣውስ?› አለኝ። ‹ከወንዝ ይገባል› ብዬ አለፍኩት፤ ግን ለራሴም አልተዋጠልኝም። ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

መምህር፣ መጀመሪያ ያንን ልጅ በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። የባሕር ሳይንስ ሰዎች ለአስርት ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩትን ጉዳይ ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠየቀው። የእርስዎም «ከወንዝ ይገባል» ውሸት አይደለም፤ ይገባል። ነገር ግን ወንዝ ካመጣው ናይትሮጅን ብዙው ከጠረፍ ሳይርቅ ያልቃል። ከፊሉን ዳር ዳሩን ያለው አልጌ ይወስደዋል፤ ከፊሉን ደግሞ ጥልቀት በሌለው የባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መልሰው ጋዝ ያደርጉትና ወደ አየር ይሄዳል። ከየትኛውም ጠረፍ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር አልጌ የወንዝ ደጅ ሲጠና አይኖርም።

አጭሩ መልስ፦ ባሕርም የራሱ ባቄላ አለው። እንዲያውም ከባቄላው ሥር የሚኖረው ባክቴሪያ የሥጋ ዘመድ ባሕር ውስጥ ተገኝቷል፤ ቆይቼ እደርስበታለሁ። ረጅሙን መልስ ግን ከረሃቡ ልጀምር።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ተማሪዎችዎ ያውቃሉ። ይኸው ጋዝ ባሕር ውሃ ውስጥም ይሟሟል። ሃዋይ ውስጥ ከኦዋሁ ደሴት በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አሎሃ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። ጣቢያ ሲባል ቤት እንዳይመስልዎ፤ ካርታ ላይ ያለ ነጥብ ነው። ከ1988 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መርከብ በየወሩ ገደማ እየሄደ ውሃ ይቀዳበታል። እዚያ የላይኛው ውሃ ውስጥ የሟሟው የናይትሮጅን ጋዝ፣ አልጌ ሊጠቀምበት ከሚችለው ናይትሬት ከ10,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ውሃው ያን ያህል ሰማያዊና ጥርት ያለ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ የሚያጠራው ድህነቱ ነው እንጂ ንጽሕናው አይደለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው አልጌው በናይትሮጅን ተከቦ በናይትሮጅን እጥረት ይቀጭጫል።

ምክንያቱ ጋዙ አይከፈትም። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ቦንድ ተቆላልፈዋል። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህን ቁልፍ የሚሰብረው ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አሙቆና ከ100 እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ጭኖ ነው። ገበሬው የሚበትነው ዩሪያ መነሻው እዚያ ነው። በተፈጥሮ ግን ናይትሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎችና የባክቴሪያ ዘመዶች ብቻ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ በተራ ግፊት ይከፍቱታል። ተክል አይችልም፣ እንስሳ አይችልም፣ ሰውም ያለ ፋብሪካ አይችልም።

ግን በነፃ አይደለም። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመክፈት ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋስ ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል፣ ይወጣል። ኢንዛይሙ ራሱ ሙሉ ሆኖ ሲገጣጠም 38 የብረት አተሞች ይዟል፤ መሬት ላይ ብረት ርካሽ ነው፣ ውቅያኖስ መሃል ግን ከወርቅ ያልተናነሰ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ባቄላ ሲያብብ አንድ ሥር በጥንቃቄ ነቅለው አፈሩን ያጥቡና ከኖዱሎቹ አንዱን በጥፍርዎ ለሁለት ይሰንጥቁት። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ውስጡ ሥጋ የመሰለ ቀላ ያለ ሮዝ ነው። ያረጀ ከሆነ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ይሆናል። ያ ቅላት ሌግሄሞግሎቢን ነው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዘመዳማቾች ናቸው። ሥራው ኦክስጅኑን እየያዘ ባክቴሪያው እንዲተነፍስ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማቀበል፣ የቀረው ናይትሮጅኔዙ ዘንድ እንዳይደርስ መከላከል ነው። ባቄላ ለባክቴሪያው ቤት ሠርቶ፣ ስኳር እየቀለበ፣ በር ላይ ዘበኛ አቁሞለታል ማለት ነው።

ባሕር ላይ ያሉት ብዙዎቹ ይህ ዕድል የላቸውም። ጭራሽ አብዛኞቹ ሳያኖባክቴሪያዎች ናቸው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ኦክስጅን የሚያመነጩት ራሳቸው ናቸው። እሳትና ጭድ በአንድ ጎጆ! ክሮኮስፌራ የምትባለው አንዲት ሕዋስ በሰዓት ፈታዋለች፤ ቀን ስኳር ትሠራለች፣ ሌሊት የፀሐዩ ሥራ ሲቆም ናይትሮጅን ትይዛለች። የብረት ችግሯንም በዚያው ታቃልላለች፤ አንዱን ኢንዛይም ስታፈርስ የወጣውን ብረት ለሌላው ታውላለች። ዳያቶም የሚባለው ደቃቅ አልጌ ውስጥ ወይም ላዩ ላይ ተለጥፋ የምትኖረው ሪቼሊያ ግድግዳው የወፈረ አንድ ለየት ያለ ሕዋስ ሠርታ ኢንዛይሙን እዚያ ታስቀምጣለች። ትሪኮዴስሚየም ግን ሁለቱንም የሚሠራው በጠራራ ፀሐይ ነው። እንዴት እንደሚሆንለት ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም።

ትሪኮዴስሚየም ላይ ትንሽ ብቆይ ቅር አይበልዎ። ከእነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታየው እሱ ነው፣ ለእኛም አካባቢ ታሪክ አለው።

አንዱ ክር ብዙ ሕዋሳት ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሲሆን፣ ክሮቹ ተሰባስበው እንደ ችቦ የታሰረ ወይም እንደ ጥጥ ፍንድቃይ የተንጨፈረረ ኳስ ይሆናሉ። መጠናቸው ሚሊሜትር ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በውስጣቸው ጋዝ የያዙ ከረጢቶች ስላሉ ነፋስ በሌለበት ቀን ይንሳፈፉና ባሕሩ ላይ ጭድ የተበተነ ይመስላል። በ1770 የካፒቴን ኩክ መርከበኞች አውስትራሊያ አጠገብ አይተውት የባሕር ሰጋቱራ ብለውታል። ቻርልስ ዳርዊንም በ1832 ብራዚል አቅራቢያ ውሃው ላይ ሲያየው የተከታተፈ ድርቆሽ ነው የመሰለው።

ስሙን ያገኘው ግን ከቀይ ባሕር ነው። ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ በታኅሣሥ 1823 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሲና ውስጥ ቶር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሳለ፣ ወደቡ ደም የተነከረ መስሎ አገኘው። ውሃውን ቀድቶ በማጉያ መሣሪያ ሲያይ እነዚያን የክር ጥቅሎች አየ፤ በ1830 ትሪኮዴስሚየም ኤሪትሬየም ብሎ ሰየማቸው። ሁለተኛው ስም በመዝሙረ ዳዊት ግዕዝ «ባሕረ ኤርትራ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው፤ ሁለቱም ከግሪኩ «ቀይ» የመጡ ናቸው። አብሮት የነበረው ጓደኛው ቪልሄልም ሄምፕሪች በዚሁ ጉዞ በ1825 ምፅዋ ላይ ታሞ ሞተ። ባሕሩ ቀይ የተባለው በዚህ ፍጥረት የተነሳ ነው የሚለው ግምት ደስ የሚል ነው፤ እኔ ግን ብዙም አላምንበትም። የጥንት ሰዎች አቅጣጫን በቀለም ይጠሩ ስለነበር ቀዩ «ደቡብ» ማለት ነው የሚሉት ክርክራቸው ይበረታል።

ቀለሙ ራሱ እንዴት እንደሚመጣ የተማርኩት በራሴ ስንፍና ነው። ተማሪ ሳለሁ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ላይ በመረብ የሰበሰብኩትን ናሙና በጠርሙስ እንዳለ፣ «ነገ አጣራዋለሁ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ተኛሁ። ማታ ስተወው ግራጫ ቡናማ ኳሶች ውሃው አናት ላይ ተንሳፍፈው ነበር። ጠዋት ስመጣ ኳሶቹ ፈርሰው፣ ውሃው የሮማን ጭማቂ በብዙ ውሃ የተቀጠነ ይመስል ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ሌላ ነው። ሕዋሳቱ ሲሞቱ ፋይኮኤሪትሪን የሚባለው ብርሃን የሚይዙበት ቀይ ፕሮቲን ወደ ውሃው ይፈስሳል። በሕይወት ያለ ትሪኮዴስሚየም ብዙ ጊዜ ቀይ አይደለም፤ የሚቀላው ሲያልቅለት ነው። የሁለት ቀን ሥራ ተደፋብኝ፤ ግን ኤረንበርግ ያየው ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

በዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ የተደረገ ሌላ ሥራ አለ፤ በ2011 የታተመ። ኳሶቹ ላይ የበረሃ አቧራ ሲያርፍባቸው ዝም ብለው አይቀመጡም። ክሮቹ እየተንቀሳቀሱ ቅንጣቶቹን ከዳር ወደ መሃል ይገፏቸዋል፤ መሃሉ ላይ ሰብስበው ብረቱን እያሟሙ ይወስዳሉ። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ብረት ያለበትንና የሌለበትን ቅንጣት ለይተው፣ የማይጠቅመውን እንደሚጥሉ ታየ። እህል በሰፌድ የምታበጥር ሴት ትዝ ትለኛለች። አንጎል የሌለው የባክቴሪያ ጥቅል ነው ይህን የሚያደርገው።

አሁን ወደ ትልቁ ዜና። ለረጅም ጊዜ ባሕር ላይ ናይትሮጅን የሚይዘው በዋናነት ትሪኮዴስሚየም ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ በዓይን ስለሚታይ ብቻ። በ1998 ጆናታን ዜርና ባልደረቦቻቸው ከፓስፊክ ውሃ ውስጥ ባለቤቱ የማይታወቅ የናይትሮጅኔዝ ዘረመል ቁራጭ አገኙ። ሕዋሱን ማንም አላየውም፤ ቁራጭ ዲኤንኤ ብቻ። ቆይቶ ዲኤንኤው ሙሉ ሲነበብ ነገሩ ይበልጥ ግራ አጋባ፤ ሳያኖባክቴሪያ ሆኖ ኦክስጅን የሚያመነጨው የፎቶሲንተሲስ ክፍል የለውም፣ ካርቦን ከአየር መውሰድም አይችልም። የሚቀልበው ያስፈልገዋል ማለት ነው። በ2012 ቀላቢው ታወቀ፤ አንዲት ደቃቅ አልጌ ነች።

ይቺን አልጌ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ አልተቻለም ነበር። በጃፓን ኮቺ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኪዮኮ ሃጊኖ ከአሥር ዓመት በላይ፣ ከ300 ጊዜ በላይ ባሕር እየወጡ ናሙና ሰብስበው በመጨረሻ አሳደጓት። ያለ እሳቸው ትዕግሥት የሚቀጥለው ነገር አይታወቅም ነበር። በ2024 በኤክስሬይ እየተነሳች ስትከፋፈል ሲታይ፣ ውስጧ ያለው ባክቴሪያ ከኒውክሊየሷና ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ተራውን ጠብቆ አብሮ ይከፈላል። ፕሮቲኖቹ ሲቆጠሩ ደግሞ ግማሽ ያህሉን የምትሠራለት አልጌዋ ሆና ተገኘች። ስለዚህ እንግዳ መባሉ ቀርቶ የሕዋሱ አካል ነው ተባለ፤ ስሙም ናይትሮፕላስት ሆነ። ቀድሞ ራሳቸውን የቻሉ ባክቴሪያዎች የነበሩት የሕዋስ ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት፣ በጥንት ዘመን የሄዱበትን መንገድ ሄዷል፤ እነሱ ከቢሊዮን ዓመት በፊት፣ እሱ ግን ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ።

መምህር፣ የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ላይ «ናይትሮጅን የሚይዘው ፕሮካርዮት ብቻ ነው»፣ ማለትም እንደ ባክቴሪያ ኒውክሊየስ የሌለው ፍጥረት ብቻ ነው፣ የሚል መስመር ይኖራል። ልጆቹ ፈተና ላይ እንዲሁ ይጻፉ፤ ማስተካከያውን ግን ይንገሯቸው። ይህ ፍጥረት ለእኔ ከባቄላም ይበልጣል። ባቄላ በእያንዳንዱ ትውልድ ባክቴሪያውን ከአፈር መፈለግ አለበት፤ ባያገኝ ኖዱል የለም። ገበሬ ለዚህ ነው ዘሩን ሕያው ማዳበሪያ ቀብቶ የሚዘራው። ይቺ አልጌ ግን ለልጇ ታወርሰዋለች። ደግሞ የሞቀ ባሕር ብቻ አይደለም ቤቷ፤ አርክቲክ ውስጥም ናይትሮጅን ስትይዝ ተገኝታለች። ያ ሲሰማ ብዙዎቻችን ወደ ድሮ ካርታዎቻችን ተመልሰን ማረም ነበረብን።

የባቄላው ዘመድ እንዳልኩት ደግሞ ይኸውላችሁ። በዚያው በ2024 ጀርመን ብሬመን ያለው የማክስ ፕላንክ የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ተቋም ሰዎች ከትሮፒካል ሰሜን አትላንቲክ የተቀዳ ውሃ ውስጥ፣ ሃስሌያ በምትባል ዳያቶም ሆድ ውስጥ የሚኖር ናይትሮጅን ያዥ አገኙ። ሳያኖባክቴሪያ አይደለም። ሪዞቢየም ነው፤ ማለትም ባቄላና ምስር ሥር ላይ ኖዱል የሚሠራው ወገን። ስኳሩን ከዳያቶሟ ይቀበላል፣ ናይትሮጅኑን ለእሷ ይሰጣል፤ ውሉ ከባቄላው ውል አይለይም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች ሜዲትራኒያን ውስጥ በሚበቅለው ፖሲዶኒያ የተባለ የባሕር ሣር ሥር ውስጥም ባክቴሪያ አግኝተው ነበር። አበባ ያለው፣ ሥር ያለው፣ ሥሩ ውስጥ ናይትሮጅን ያዥ የሚያኖር ተክል፣ ከነነፍሱ ባሕር ወለል ላይ። ተማሪዎ «ባሕር ውስጥ ባቄላ የለም» ሲል ከዚህ በላይ የሚቀርበው መልስ የለኝም።

ብዛቱ ስንት ነው ካሉ፣ በዓመት ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ቶን ናይትሮጅን የሚለው ግምት ነው በብዛት የሚጠቀሰው። ክልሉ ሰፊ የሆነው መለኪያው ስላስቸገረ ነው። አንዱ ዘዴ ብየዳ ቤት ያለውን አሴቲሊን ለሕዋሳቱ መስጠት ነው፤ ናይትሮጅኔዝ እሱንም ይነካና ኢትሊን ያደርገዋል፣ ኢትሊኑ ይለካል። ሁለተኛው ከበድ ያለውን የናይትሮጅን ዓይነት፣ ናይትሮጅን 15ን፣ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በአረፋ መልክ ማስገባት ነው። በ2010 ግን አረፋው እኛ እንዳሰብነው ቶሎ እንደማይሟሟ ተረጋገጠ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተለካው ብዙው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነበር። የስንት ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው ያን ቀን የተንገጫገጨው።

100 ሚሊዮን ቶኑን ወደ ዩሪያ ቢቀይሩት፣ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ከ2 ቢሊዮን ኩንታል በላይ ይሆናል። ትልቅ ይመስላል። ለውቅያኖሱ ስፋት ሲያካፍሉት ግን ለአንድ ሄክታር በዓመት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው የሚደርሰው። ጥሩ የያዘ የባቄላ ማሳ በአንድ ወቅት ብዙ አሥር ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ ባሕሩ በስስት የተቀባ እንጀራ ነው፤ ምጣዱ ግን ዓለምን ያክላል።

እዚህ ጋ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር። አልጌ በየቀኑ ከሚበላው ናይትሮጅን አብዛኛው አዲስ የተያዘ አይደለም። ትንንሽ እንስሳት አልጌውን ይበሉና የሸኑትን አሞኒየም ሌላው አልጌ መልሶ ይወስደዋል፤ ይኸው እየተዟዟረ ይኖራል። ከዚህ ያመለጠው ከሞቱት ጋር ወደ ጥልቁ ይዘቅጣል፣ እዚያ ናይትሬት ሆኖ ይከማቻል፣ ማዕበልና የባሕር ሞገድ ሲያናውጠው ተመልሶ ይወጣል። ጥልቁ ጎተራ ነው በሉት። አንድ ጊዜ የገባ ናይትሮጅን ከዚህ ጎተራ ሳይወጣ በአማካይ ጥቂት ሺህ ዓመታት ይቆያል።

ጎተራው ግን ነቀዝ አለው። ኦክስጅን ባለቀበት ውሃና ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን መልሰው የናይትሮጅን ጋዝ ያደርጉታል። ይህ በብዛት ከሚካሄድባቸው ሦስት ሰፋፊ ቦታዎች አንዱ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወጣ ሲሉ የሚያገኙት የአረብ ባሕር ነው፤ ሁለቱ ፓስፊክ ውስጥ፣ ሜክሲኮና ፔሩ ፊት ለፊት ናቸው። ማንም የማይተካ ቢሆን ጎተራው በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ባዶ በሆነ ነበር። የሚተኩት እነዚህ ጥቃቅኖች ናቸው፤ ሥነ ምህዳራዊ ድርሻቸውን በአንድ ቃል ንገረኝ ቢሉኝ «ተኪ» እላለሁ። ሁለተኛው ድርሻቸው የአካባቢ ነው። አሎሃ ጣቢያ በ1990ዎቹ በተሠራው ስሌት ወደ ላይኛው ውሃ ከሚገባው አዲስ ናይትሮጅን እስከ ግማሽ የሚደርሰው በእነሱ በኩል ይመጣ ነበር። ሦስተኛውን አማዞን ወንዝ አፍ ላይ ያዩታል። ወንዙ ፎስፈረስና ሲሊካ ይዞ ይወጣል፤ ናይትሮጅኑ ገና በመንገድ ያልቃል። ይህን ጊዜ ሪቼሊያን በሆዳቸው የያዙ ዳያቶሞች ይፈላሉ። ዳያቶም የመስታወት ቅርፊት ስላለው ከባድ ነው፤ ሲሞት ካርቦኑን ይዞ ቶሎ ይሰምጣል።

«ታዲያ ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኙ ከሆነ ለምን ባሕሩን ሁሉ አልሞሉትም?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ብረቱና ፎስፈረሱ አይፈቅድላቸውም። ሰሜን አትላንቲክ ላይ የሰሃራ አቧራ ብረት ስለሚያዘንብ እነሱ ይበረታሉ፤ ግን እዚያ ፎስፈረሱ ይጠፋል። በ2004 በታተመ የመርከብ ላይ ሙከራ እዚያው ትሮፒካል ምሥራቅ አትላንቲክ ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጨመሩ ነበር ሥራው የጨመረው። አቧራ በማይደርስበት ደቡብ ፓስፊክ መሃል ደግሞ ብረቱ ራሱ የለም። ባሕር ላይ ብረት በትነን ዓሣ እናብዛ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። የተትረፈረፈው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ያ ነቀዝ ይጠግባል።

የዓሣውን ነገር እንዳልዘለልኩት። ትሪኮዴስሚየምን በቀጥታ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ማክሮሴቴላ የምትባል ቀጭን ቅርፊት ለባሽ እንስሳ አንዷ ነች፣ ልጆቿንም እሱ ላይ አሳፍራ ታሳድጋለች። ሌላው የሚጠቀመው ከሕዋሱ የሚንጠባጠበውን አሞኒየምና ፈርሶ የሚቀረውን ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ የተለመደው ነው፤ አልጌ፣ ትንሽ እንስሳ፣ ትንሽ ዓሣ፣ ትልቅ ዓሣ። ደስ የሚለው መከታተል መቻሉ ነው። ከአየር የተያዘ ናይትሮጅን ከጥልቁ ከሚወጣው ናይትሬት ይልቅ የናይትሮጅን 15 ድርሻው ያንሳል፣ ይህም ምልክት ከበላተኛ ወደ በላተኛ መጠኑ በሚታወቅ ጭማሪ ይተላለፋል። ስለዚህ ከአንድ ትንሽ የባሕር እንስሳ ሥጋ ቅንጣት ወስዶ በመሣሪያ የመዘነ ሰው ናይትሮጅኑ በየትኛው በር እንደገባ ማወቅ ይችላል። ትሮፒካል አትላንቲክ ላይ ሲደረግ የላይኛው ውሃ ትንንሽ እንስሳት ከሰውነታቸው ናይትሮጅን ጉልህ ድርሻ የመጣው በእነዚህ ባክቴሪያዎች በኩል ሆኖ ነው የተገኘው።

ለክፍሉ የባቄላ ሥሩን ሲያመጡ ግን ጠዋት ነቅለው ከሰዓት አያድርጉት። ኖዱሉ ደርቆ ውስጡ ቡናማ ይሆንና ቀዩን ሳያዩት ይቀራሉ፤ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ይምጡ።